ቦታ ስንት ጊዜ ይቆረጣል?

አንድ ሜትር ገመድ አስቡ። መሃሉ ላይ ቁረጡት። ግማሹን ጣሉና የቀረውን እንደገና ለሁለት ቁረጡ። ቀጥሉ። 13 ጊዜ ስትቆርጡ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የፀጉር ውፍረት ያህላል። 33ኛው ላይ አንድ አቶም ብቻ ይቀራል። ገመድ የሚባል ነገር እዚህ ጋ አለቀ።

ርዝመት ግን አላለቀም። አቶሙም የያዘው ስፋት አለ። ስለዚህ ገመዱን እንተወውና ርቀቱን ራሱን፣ ባዶውን ክፍተት መቁረጥ እንቀጥል። 49ኛው ላይ የፕሮቶንን ስፋት እናገኛለን። 63 አካባቢ ስንደርስ ደግሞ በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል ግዙፍ ማሽን፣ ቅንጣቶችን በማጋጨት ሊመረምረው ከሚችለው ርቀት ወለል ላይ ነን። ከዚያ በታች ማንም አላየም።

እስቲ አሁን አንድ ጥያቄ። ይህ መቁረጥ ማብቂያ አለው? ወይስ እስከ ዘላለም ይቀጥላል?

በትምህርት ቤት የተማርነው ጂኦሜትሪ መልሱን ሳንጠይቀው ሰጥቶናል። በሁለት ነጥቦች መካከል ሁልጊዜ ሌላ ነጥብ አለ። ስለዚህ ቁረጡ፣ ቁረጡ፣ አያልቅም። አንዳንድ የፊዚክስ ሊቃውንት ግን ያልቃል ይላሉ። ወደ 116ኛው ቁርጥ ስትጠጉ የሚቆረጥ ነገር አታገኙም። ምላጩ ስለደነዘዘ አይደለም። ‘ግማሹ’ የሚባል ነገር እዚያ ስለሌለ ነው። ቦታ ራሱ ከጥቃቅን፣ ሊከፈሉ ከማይችሉ የኳንተም ቅንጣቶች የተሠራ ነው ይላሉ።

ገና ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። ይህ የተረጋገጠ ነገር አይደለም፣ መላምት ነው። ግን ከሰማይ ዱብ ያለ መላምት አይደለም። ሁለት በጣም የተፈተኑ እውነቶች ሲገናኙ የሚፈጠር ጥርጣሬ ነው። እኔን የሚማርከኝም ይኼ ነው።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ልበል። ‘ኅዋ’ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሳተላይትና ፕላኔት ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሩቁ ሰማይ ብቻ አይደለም። በሁለት ጣቶቻችሁ መካከል ስላለው ክፍተትም ነው። ከዓይናችሁ እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ ስላለው ርቀትም ነው። ለዚህ ነው ‘ቦታ’ የምለው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ደግሞ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ለኒውተን ቦታ ባዶ ዕቃ ነበር። ነገሮች ውስጡ ይኖራሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ፤ ዕቃው ግን ምንም አይሆንም። አይታጠፍም፣ አይለጠጥም፣ ማንንም አይነካም። አይንስታይን በ1915 ይህን አፈረሰው። በአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡ ፀሐይ ምድርን በማይታይ ገመድ አትስባትም። ፀሐይ በዙሪያዋ ያለውን ቦታና ጊዜ ታጎብጣለች፣ ምድርም በጎበጠው ውስጥ ትሄዳለች። ስበት የምንለው ያንኑ መጉበጥ ነው። ስበት ማለት የቦታና የጊዜ ቅርጽ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። መስከረም 14 ቀን 2015 አሜሪካ ውስጥ ያሉት የላይጎ መሣሪያዎች፣ ሁለት ብላክ ሆሎች (ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው እጅግ የታመቁ አካላት) ተጋጭተው ሲዋሃዱ የፈጠሩትን የቦታ ሞገድ ያዙ። የመሣሪያዎቹ ክንዶች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ። ሞገዱ ሲያልፍ ርዝመታቸው የፕሮቶንን ስፋት አንድ ሺህኛ በሚያህል ልክ ተለጠጠ፣ ተኮማተረ። ተለካ። እንግዲህ ምንም ያልሆነ ነገር አይርገበገብም። ቦታ የሚርገበገብ ከሆነ፣ አንዳች ነገር ነው።

ይህ አንደኛው እውነት ነው። ሁለተኛው የኳንተም ፊዚክስ ነው።

ብርሃንን ውሰዱ። ከመብራት ሲወጣ እንደ ውሃ የሚፈስ ይመስላል። በደንብ ደካማ ብርሃን ወስዳችሁ በስሱ መሣሪያ ብትለኩት ግን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው የሚመጣው። እያንዳንዱ ጠብታ ፎቶን ይባላል። ማክስ ፕላንክ በ1900 ኢነርጂ በቁንጥር (‘ኳንተም’ ማለት ይኸው ነው) እንደሚሰጥ ፍንጭ አየ። አይንስታይን በ1905 ብርሃን ራሱ በቁንጥር የሚጓዝ ነው ብሎ ገፋበት። ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ሞገድ ነው። ይህ መስክ ከሩቅ ልሙጥ ነው፤ ሲጠጉት ጠብታ ነው።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። መስኮች ሲጠጉ ጠብታ ከሆኑ፣ ስበትም መስክ ከሆነ፣ ስበት ደግሞ ቦታው ራሱ ከሆነ፣ ቦታስ ሲጠጉት ጠብታ አይሆንም? ንድፈ ሐሳቡ ያለው በዚህች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ነው። የቀረው ሁሉ ይህን ጥያቄ በሒሳብ ለመመለስ የተደረገ ልፋት ነው።

ይህን ልፋት ቀድሞ በቁም ነገር የያዘ አንድ ወጣት ነበር። ስሙ ብዙ አይነሳም፤ መነሳት ነበረበት። ማትቬይ ብሮንስታይን ይባላል። በ1906 የተወለደ፣ በሌኒንግራድ ይሠራ የነበረ የሶቪየት ፊዚሲስት ነው። ለሕፃናት የሳይንስ መጻሕፍትም ይጽፍ ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ የስበት መስክን በኳንተም ሕግ ለመለካት ብንሞክር ምን ይገጥመናል ብሎ አሰላ። የደረሰበትን በዛሬ ቋንቋ ላስቀምጠው።

ትንሽ ነገር ለማየት አጭር ሞገድ ያስፈልጋል። ረጅም ሞገድ ትንሹን ነገር ሳያስተውለው ያልፋል። አጭር ሞገድ ደግሞ ብዙ ኢነርጂ አለው፤ ይህ የኳንተም ሕግ ነው። ስለዚህ ወደ ታች ለማየት በፈለጋችሁ ቁጥር ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ኢነርጂ ማጎር ግድ ይሆናል። እዚህ ጋ አይንስታይን ይገባል። ኢነርጂ ቦታን ያጎብጣል። በጣም ትንሽ ቦታ ላይ በጣም ብዙ ኢነርጂ ካጎራችሁ፣ ቦታው በላዩ ላይ ይዘጋና ብላክ ሆል ይሆናል። ልታዩት የነበረው ነገር ተሸፈነ። በዚህ ተናዳችሁ ተጨማሪ ኢነርጂ ብትጨምሩ ብላክ ሆሉ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ከዚህ በኋላ ጉልበት መጨመር የሚያሳየውን ያበዛዋል ስትሉ ይቀንሰዋል።

ይህ የሚሆንበት ርቀት ይታወቃል። 1.6 × 10⁻³⁵ ሜትር ነው። የፕላንክ ርዝመት ይባላል። ፕላንክ ራሱ በ1899 ያገኘው ከሦስት የተፈጥሮ ቁጥሮች ነው፦ ከብርሃን ፍጥነት፣ ከስበት ቋሚ ቁጥርና ዛሬ በስሙ ከሚጠራው የኳንተም ቋሚ ቁጥር። ሦስቱን በአንድ መንገድ ብታባዙና ብታካፍሉ አንድ ርዝመት ብቻ ይወጣል። ያ ነው።

ምን ያህል ትንሽ ነው? አንድ አቶም ተለጥጦ ዛሬ በቴሌስኮፕ ልናየው የምንችለውን ጠቅላላ ዓለም ቢያህል፣ የፕላንክ ርዝመት አብሮ ተለጥጦ ከ100 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ይሆናል። እዚያ ድረስ በግጭት ለመውረድ አንድ ቅንጣት ላይ የሚጫነው ኢነርጂ አንድ የቤት መኪና ታንኩ ሙሉ ቤንዚን ሲቃጠል ከሚሰጠው ጋር ይቀራረባል። ታንኩ ሙሉ ቤንዚን ብዙ አይደለም። ያን ሁሉ በአንዲት ቅንጣት ላይ ማኖር ነው ጭንቁ። የሰርን ማሽን የሚደርስበት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በሚሊዮን ቢሊዮን እጅ ያነሰ ነው።

ብሮንስታይን ቦታና ጊዜን በተመለከተ ያሉን የተለመዱ ሐሳቦች በጣም ጥልቅ በሆነ አዲስ ነገር መተካት ሊኖርባቸው ይችላል ብሎ ደመደመ። ብዙ አልቆየም። በ1937 በስታሊን የግድያና የእስራት ዘመን ተያዘ። የካቲት 1938 በጥይት ተገደለ። 31 ዓመቱ ነበር። ጥያቄው ለብዙ ዓመታት ከሱ ጋር ተቀበረ ማለት ይቻላል።

አንድ ስሕተት እዚህ ጋ ላስተካክል፣ ምክንያቱም በየቦታው አየዋለሁ። ‘የፕላንክ ርዝመት ሊኖር የሚችለው ትንሹ ርዝመት መሆኑ ተረጋግጧል’ የሚሉ አሉ። አልተረጋገጠም። ከላይ ያለው ክርክር የሚለው የምናውቃቸው ሁለቱ ሕጎች እዚያ ጋ አብረው መሥራት ያቆማሉ ነው። ከዚያ በታች ምንም የለም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በታች ማየት አይቻልም ማለት ሌላ ነው፤ ሕጎቻችን እዚያ አይሠሩም ማለት ደግሞ ሦስተኛ። ወደ ‘ምንም የለም’ ለመድረስ ንድፈ ሐሳብ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለውን ንድፈ ሐሳብ ለመሥራት ከሞከሩት መካከል ስለ ቦታ ቅንጣት በግልጽ የሚናገረው ሉፕ ኳንተም ግራቪቲ የሚባለው ነው። ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1967 ጆን ዊለርና ብራይስ ዴዊት የቦታን የኳንተም እኩልታ ጻፉ። እኩልታው አለ፤ የሚፈታው ግን ጠፋ። በ1986 አብሃይ አሽቴካር የአይንስታይንን እኩልታዎች በአዲስ መልክ ጻፋቸው፤ ሒሳቡ ከሌሎቹ የተፈጥሮ ኃይሎች ሒሳብ ጋር ተመሳሰለ። ከዚያ በኋላ ቴድ ጃኮብሰን፣ ሊ ስሞሊንና ካርሎ ሮቬሊ መልሶች ማግኘት ጀመሩ። መልሶቹ በቀለበቶች ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። ‘ሉፕ’ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

በ1995 ሮቬሊና ስሞሊን ያሳተሙት ሥራ ነገሩን ለወጠው። የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነው። በዚህ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የአንድን ገጽ ስፋት ብንለካ ምን ምን ቁጥር ሊወጣ ይችላል? መልሱ ማንኛውም ቁጥር አይደለም ሆነ። የተወሰነ ዝርዝር ብቻ ነው። ትንሹ ቁጥር አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ወደ 1.63 እጥፍ ነው። በመካከል ያሉት አይወጡም። የይዘት መጠን ጉዳይም እንዲሁ፤ ትንሹ የቦታ ጠብታ አለ። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ውስጥ የነዚህ ጠብታዎች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 98 ያህል ዜሮዎች የሚደረደሩበት ቁጥር ነው።

እኔ እዚህ ጋ ቆም ማለት እወዳለሁ። ምክንያቱም ‘ቦታ ቁርጥራጭ ነው’ ብለው አልጀመሩም። ያስገቡት የአይንስታይንን ስበትና የኳንተምን ሕግ ነው። ቅንጣቱ ከስሌቱ ውስጥ ራሱ ወጣ። ከመነሻ የተገመተ ነገርና ከስሌት የወጣ ነገር እኩል ክብደት የላቸውም።

የሚወጣው ሥዕል መረብ ነው። ቋጠሮዎች አሉ፣ ቋጠሮዎቹን የሚያያይዙ መስመሮች አሉ። እያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ የቦታ ጠብታ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጠብታዎች የሚዋሰኑበት ገጽ ነው። በመስመሩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የዚያን ድንበር ስፋት ይናገራል። ሮጀር ፔንሮዝ ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ እንዲህ ያለውን መረብ ለሌላ ሐሳብ ሠርቶት ነበር። የስፒን መረብ ይባላል።

መረቡን ስታስቡ ግን አእምሯችሁ ያሳስታችኋል። ወዲያው በጨለማ ባዶ ውስጥ የተዘረጋ የዓሣ መረብ ይስላል። ያ ባዶ የለም። መረቡ ቦታ ውስጥ የለም፤ ቦታ ማለት መረቡ ነው። ‘በሁለት ቋጠሮዎች መካከል ምን አለ?’ ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ መካከል የሚባል ነገር የሚመጣው ከቋጠሮዎቹ በኋላ ነው። አንድ ጠብታ ‘የት ነው?’ ቢባል መልሱ ‘ከነዚህ ከነዚህ ጠብታዎች ጋር የሚዋሰነው’ ነው። ሌላ አድራሻ የለውም። እውነቱን ለመናገር ይህን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። እኔም ስንት ጊዜ ተመልሼ ከዚያ የዓሣ መረብ ጋር ተገኝቻለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ። ይህን ሳይመልስ የሚያልፍ ማብራሪያ ምንም አላብራራም ባይ ነኝ።

ብዙ ሰው የቦታ ቅንጣት ሲባል የስልክ ስክሪን ነው የሚያስበው። ጥቃቅን አራት ማዕዘን ፒክስሎች፣ በረድፍ የተደረደሩ። ኸርማን ቫይል የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1949 ይህን ሥዕል በአንድ ቀላል ነገር ገደለው። በካሬ ሸክላ የተነጠፈ ወለል አስቡ። አንዱ ጎን 10 ሸክላ ነው፣ ሌላውም 10። ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ሰያፍ የሚሄደውን መስመር በሸክላ ብትቆጥሩት ስንት ነው? እሱም 10 ነው። ፓይታጎረስ ግን ከ14 በላይ መሆን አለበት ይለናል። ሰያፉ መንገድ ከጎኑ መርዘሙን ደግሞ ሄዶ የለካ ሁሉ ያውቃል።

‘ሸክላው በጣም ስለተለቀ ነው፣ አሳንሰው’ ትሉኝ ይሆናል። አሳንሱት። አንዱን ጎን 1 ሚሊዮን ሸክላ አድርጉት። ሰያፉም 1 ሚሊዮን ይሆናል። ስሕተቱ አይጠፋም፣ አንዲት ፍርፋሪ እንኳ አይቀንስም። ቦታ የሸክላ ወለል ቢሆን ኖሮ ዓለም በአንድ አቅጣጫ አጭር፣ በሌላ አቅጣጫ ረጅም ትሆን ነበር። አይደለችም።

ሌላም አለ። በአይንስታይን ሕግ የሚንቀሳቀስ ነገር በእንቅስቃሴው አቅጣጫ አጥሮ ይለካል። እንግዲህ ትንሹ የቦታ ቅንጣት ይህን ያህል ነው ካልን፣ በአጠገቡ በታላቅ ፍጥነት የሚያልፍ ሰው ከዚያ ያነሰ ለካው ማለት ነው። ታዲያ ‘ትንሹ’ ምኑን ትንሽ ሆነ?

መልሱ የሚገኘው በ1922 በፍራንክፈርት በተደረገ ሙከራ ውስጥ ነው። ሙከራው ስለ ቦታ አልነበረም። ኦቶ ሽተርንና ቫልተር ገርላህ የብር አቶሞችን በማግኔት መካከል አሳለፉ። እያንዳንዱ አቶም እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። ትንሿ ማግኔት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወይም አጋድላ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ አቶሞቹ መስታወቱ ላይ ሲያርፉ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋ አንድ ወጥ ጥላ ይጠበቅ ነበር። የታየው ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ላይ ወይም ታች። መካከል የለም።

አሁን ‘ላይ’ የወጡትን አቶሞች ብቻ ውሰዱና በ30 ዲግሪ በዞረ ሌላ የማግኔት መሣሪያ አሳልፏቸው። ምን የሚሆን ይመስላችኋል? አሁንም ሁለት ምልክት ነው። ርቀታቸውም ያው ነው። ስንት ዲግሪ ብታዞሩት መልሱ ከነዚያው ሁለት አንዱ ነው። መሣሪያው ሲዞር የሚለወጠው ‘ላይ’ ወይም ‘ታች’ የመውጣቱ ዕድል ብቻ ነው። ዕድሉ ደግሞ ልሙጥ ሆኖ ነው የሚለወጠው። ብዙ አቶሞች ለክታችሁ አማካዩን ብትወስዱ ልክ እንደ ተራ ማግኔት ቀስ እያለ የሚዞር ልሙጥ መልስ ታገኛላችሁ።

እዩት እንግዲህ። እያንዳንዱ መልስ የተቆራረጠ ነው። ከየትኛውም አቅጣጫ ቢጠየቅም አንድ ነው፤ የተመረጠ አቅጣጫ የለም። ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ። ሸክላ ይህን አይችልም፣ ኳንተም ግን ይችላል።

ሮቬሊና ሲሞኔ ስፔዚያሌ በ2003 ያቀረቡት መከራከሪያ ይህንኑ ለቦታ የሚያውል ነው። በፍጥነት የሚያልፈው ሰው ከትንሹ ያነሰ ስፋት አይለካም። እሱም ሲለካ የሚያገኘው ከዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። በፍጥነቱ የተነሳ የሚለወጠው የትኛው ቁጥር የመውጣቱ ዕድል ነው። አማካዩ ያጥራል፤ ዝርዝሩ አይነካም። ስለዚህ የቦታ ቅንጣት የሚለው ሐሳብ ፒክስል ማለት አይደለም። ተደርድሮ የተቀመጠ ጠጠር የለም። ‘ስፋትህ ስንት ነው?’ ተብሎ ሲጠየቅ ቦታ የሚመልሰው መልስ ነው የተቆራረጠው። ‘ዓለም ፒክስል ነው፣ እንግዲያው ኮምፒውተር ውስጥ ነን’ የሚለው ወሬ የቆመው በሸክላው ሥዕል ላይ ነው። ሸክላው ከወደቀ አብሮ ይወድቃል።

ወደ ማስረጃ እንምጣ። በቀጥታ ማየት አይቻልም ብለናል። ከ116ቱ ቁርጥ የወረድነው 63 ያህሉን ነው። ግን ተንኮል አለ። ትንሽ ውጤት በጣም ረጅም መንገድ ላይ ቢጠራቀም ሊታይ ይችላል። ቦታ ሸካራ ከሆነ፣ አጭር ሞገድ ያለው ብርሃን ሸካራነቱ ይሰማውና ከረጅሙ ትንሽ ይዘገይ ይሆናል። በአንድ ሜትር መንገድ ምንም አይታይም። በቢሊዮን ዓመታት ጉዞስ?

ግንቦት 10 ቀን 2009 ፌርሚ የተባለው የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ እንዲህ ያለ ሩጫ ተመለከተ። ከ7 ቢሊዮን ዓመታት በላይ የተጓዘ አጭር ፍንዳታ ነበር። በውስጡ 31 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ያላት አንዲት ፎቶን ነበረች። ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ገባች። ከሰባት ቢሊዮን ዓመት ሩጫ በኋላ፣ ከአንድ ሴኮንድ በታች! ጥቅምት 9 ቀን 2022 ደግሞ እስካሁን ከታዩት ሁሉ ደማቁ የጋማ ፍንዳታ መጣ። ቻይና ውስጥ ያለው ላሶ የተባለ መመልከቻ ከዚያ ከ60 ሺህ በላይ ከፍተኛ ኢነርጂ ያላቸው ፎቶኖች ያዘ። ያንን በመመርመር ወሰኑ ይበልጥ ጠበቀ። ኢነርጂ በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ ብርሃን ይዘገያል የሚለው ቀላሉ ሐሳብ ዛሬ መተንፈሻ የለውም።

ይህ ሉፕ ኳንተም ግራቪቲን ገደለው? አልገደለውም። ሁለት ዓይነት መልስ ግን አልወድም፤ ስለዚህ በቅንነት ልናገር። ሸካራነቱ እንደ ሽተርንና ገርላህ ሙከራ ከሆነ ብርሃን እንዲዘገይ አይገደድም። ስለዚህ የፎቶኖቹ እኩል መድረስ ንድፈ ሐሳቡን አይቃረነውም። ግን አይደግፈውምም። ከሸክላው ሥዕል በራቅን ቁጥር ለመያዝ የሚያስቸግር ንድፈ ሐሳብ ነው የሚቀረን። ይህ እውነተኛ ችግር ነው።

ሌላ ደካማ ጎንም አለው። ያዕቆብ ቤከንስታይንና ስቲቨን ሆኪንግ በ1970ዎቹ አንድ እንግዳ ነገር አሳይተዋል። የብላክ ሆል ኢንትሮፒ፣ ማለትም በውስጡ የተደበቀው የአደራደር ብዛት፣ የሚያድገው ከሆዱ መጠን ጋር ሳይሆን ከቆዳው ስፋት ጋር ነው። ቆዳው በቅንጣት የተሸፈነ ከሆነ ይህ ደስ ይላል፤ ቅንጣቶቹን መቁጠር ነው። ሉፕ ኳንተም ግራቪቲ ይህን ቆጠራ አድርጎ ከስፋቱ ጋር እኩል የሚያድግ መልስ አገኘ። ቁጥሩ በትክክል እንዲገጥም ግን ኢሚርዚ የሚባል አንድ ነጻ ቁጥር መመረጥ አለበት፤ በአንዳንድ ስሌቶች 0.24 አካባቢ። ለምን ይህ ቁጥር? ከንድፈ ሐሳቡ ራሱ አይወጣም። መልሱን አይቶ ቁልፉን ማዞር ይመስላል። ተቃዋሚዎች ይህን ሲያነሱ ልክ ናቸው እላለሁ።

ከሁሉም በላይ ያልተጨረሰ ሥራ አለ። ከመረቡ ተነስቶ ልሙጡን፣ የምናውቀውን፣ አይንስታይን የገለጸውን ቦታ በተሟላ መንገድ መልሶ ማግኘት ገና አልተቻለም። ክሩን አውቀናል እያልን ጨርቁን ሸምነን አላሳየንም።

መንገዱ ይህ ብቻ አይደለም። ራፋኤል ሶርኪንና ባልደረቦቹ በ1987 ካውዛል ሴት የተባለ ሌላ ሐሳብ አቅርበዋል። እዚያ ቅንጣቱ የቦታ ጠብታ አይደለም፣ ክስተት ነው። ክስተቶችን የሚያያይዛቸውም ‘የቱ የቱን ቀደመ’ የሚለው ብቻ ነው። የስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ (ቅንጣቶች የሚርገበገቡ ጥቃቅን ክሮች ናቸው የሚለው) ሰዎች ደግሞ ከሌላ በር ነው የሚገቡት።

የቦታ ቅንጣት እውነት ቢሆን ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ስለ ዓለም አጀማመር ባለን ሐሳብ ላይ ነው። የአይንስታይንን እኩልታ ወደ ኋላ ብታስኬዱት ዓለም ትጠባለች፣ ትጠባለች፣ መጠኗ ዜሮ ይሆንና ስሌቱ ይፈነዳል። ትንሹ የቦታ ቅንጣት ካለ ግን ዜሮ አይደረስም። ማርቲን ቦጆዋልድ በ2001 የጀመረው፣ አሽቴካርና ሌሎች የቀጠሉት ስሌት እንደሚያሳየው ዓለም በጣም ስትታመቅ ስበት መግፋት ይጀምራል። ከመጀመሪያው ቅጽበት ይልቅ መንጠር ይመጣል። ከቢግ ባንግ በፊት ሌላ፣ እየተኮማተረች የነበረች ዓለም ነበረች ማለት ነው። ስሌቱ የተሠራው በጣም በተቃለለ ዓለም ላይ ስለሆነ ብዙ ልመረኮዝበት አልደፍርም።

አቶምም አንድ ጊዜ እዚህ ነበር። ኤርንስት ማህን የመሰሉ ትልልቅ ሰዎች ‘ማን አየው?’ ብለው ተከራክረዋል። አቶምን ቀድሞ ያሳመነን ማየት አልነበረም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ በራሱ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ መታየቱ ነው። አይንስታይን በ1905 መንቀጥቀጡ ከአቶም ግፊት እንደሚመጣ አሰላ፣ ዣን ፔረን በ1908 ለካው፣ ክርክሩም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ለቦታ እንዲህ ያለው ብናኝ ገና አልተገኘም።

አሁን በየላቦራቶሪው የሚለፋበት አንድ ሙከራ አለ። በ2017 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ለየብቻ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ከብናኝ የማይበልጡ ሁለት ጥቃቅን አካላት ይወሰዳሉ። እያንዳንዳቸው በኳንተም ሕግ በአንድ ጊዜ በሁለት ቦታ እንዲሆኑ ይደረጋል። በመካከላቸው ከስበት በቀር ምንም እንዳያገናኛቸው ይጠበቃል። ከዚያ የኳንተም ቁርኝት (የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተነጥሎ የማይገለጽበት ትስስር) ፈጥረው እንደሆነ ይመረመራል። ከተቆራኙ፣ ስበት ራሱ የኳንተም ነገር ነው ለማለት ጠንካራ ምክንያት ይሆናል። የቦታን ቅንጣት አያሳየንም፤ ከላይ ካገናኘናቸው ሦስት ‘ከሆነ’ዎች አንዱን ግን ያጸናዋል። ሙከራው በሚገባ ተሠርቶ ካልተቆራኙ ደግሞ፣ የስፒን መረቡ፣ የስፋቱ ዝርዝርና 116ኛው ቁርጥ አብረው መሠረት ያጣሉ። እስካሁን ማንም አልሠራውም። ብናኙን ሳይነኩ፣ ሳያሞቁ፣ ሳያናውጡ በሁለት ቦታ ማቆየት እጅግ ከባድ ስለሆነ ነው።